ማሽኑ ቀን ይበላል

ሻሸመኔ ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚገኝ ሰው ሁሉ ምክንያት አለው። ከኮፈሌ በኩል ድንች ጭኖ የገባ የአይሱዙ ሹፌር አራጋፊ ይጠብቃል። ወደ ሮቤ የሚሄድ መንገደኛ መናኸሪያ በር ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ያንጎላጃል። ለሶላት የሚነሳው ለሶላት፣ ለኪዳን የሚነሳው ለኪዳን ይነሳል። እኔም አለሁ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የአንድ ሰርቨር ሲፒዩ ስንት በመቶ ላይ እንደሆነ በስልኬ የማይ። ሰርቨሩ ደህና ነው። ከአንድ ሰዓት በፊትም ደህና ነበር። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ደህና መሆኑ ነው።

በከተማችን ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ‘አይቲው’ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ‘የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ’ ይለኛል፤ በዚህ ስም የጠራችኝ ግን እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም ለጎረቤት ስትናገር። ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ እጠራለሁ። ዩፒኤስ ሲጮህ እጠራለሁ። የሥራ አስኪያጁ ልጅ የስልኩ ፓተርን ሲጠፋበት እጠራለሁ። ዳታቤዙ ግን ማንንም ሳያስጠራ ዓመታት ኖረ፤ እኔም ዝምታውን የራሴ ችሎታ አስመስዬ ደመወዝ በላሁበት።

ያ ዝምተኛ ማይኤስኪውኤል 5.5 ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 መጨረሻ የወጣ፣ አምራቹም በ2018 መጨረሻ ‘ከእንግዲህ አልጠግነውም’ ብሎ እጁን ያነሳበት ነው። ፕሮግራሙን የጻፈልን ሐዋሳ ይኖር የነበረ ልጅ ዛሬ ካናዳ ነው፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ‘አሮጌ ነው፣ ይቀየር’ የሚለኝ ሰው በመጣ ቁጥር ‘የሚሠራ ነገር አይነካካም’ እል ነበር። ይህ አነጋገር የጥበብ ድምፅ አለው። እውነተኛ ትርጉሙ ግን ‘ከነካሁት መመለሻውን አላውቀውም’ ነው።

ፍርሃቴ መሠረት አልነበረውም አልልም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለደንበኛው ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ወሬው በቴሌግራም ካምፓስ ለካምፓስ ሮጠ፤ ዲላ ያለው ተማሪ ጅማ ላለው፣ ጅማ ያለው ለሌላው። በእኩለ ሌሊት ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ቆመ። በዚያች ሌሊት 490,000 ያህል ግብይት መፈጸሙን፣ 2.4 ቢሊዮን ብር ገደማ መንቀሳቀሱንና አብዛኛው ግን ትክክለኛ ግብይት መሆኑን የባንኩ ፕሬዝዳንት አቤ ሳኖ ተናገሩ። ያለአግባብ ሄደ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑ ተገለጸ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት ነው አለ።

ሌላው ሰው ከዚህ ታሪክ የያዘው ገንዘቡን ነው፤ ማን ስንት አወጣ፣ ማን መለሰ፣ ማን ተደበቀ። እኔ የያዝሁት ‘መደበኛ ጥገና’ የምትለዋን ነው። ያን ሌሊት ኪቦርድ ላይ የተቀመጠው ሰው ማን ይሆን? ሻይ ጠጥቶ ነበር? ‘ኢንተር’ን ከመምታቱ በፊት ሆዱ ነግሮት ነበር? ስሙንም መልኩንም የማላውቀው ይህ ሰው ለወራት ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኛ ማኅበር ኤቲኤም የለውም፤ ሦስት መስኮት፣ አንድ ሰርቨርና ሲነሳ ሰፈሩን የሚያስነሳ ጄኔሬተር ነው ያለው። ብንሳሳት የሚሳሳትብን የቅቤ ነጋዴ ደብተር ነው። እኔ ግን ራሴን በዜና አየሁት። ስሜ ሳይጠራ ‘የማኅበሩ ባለሙያ’ ተብዬ። እንዳልጠራ ፈራሁ፤ ሳልጠራ በመቅረቴም ደግሞ ትንሽ ቅር አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ አፕዴት ልኮ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በዓለም ዙሪያ አነጠፈ፤ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተጉላላ። ሻሸመኔ ቢሮዬ ውስጥ ምንም አልሆነም። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልሁ። ለካ በዚህ ሶፍትዌር ለመውደቅም መጀመሪያ መግዛት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ያስገደደን የስልክ ክፍያ ነው። አባላት ከኩየራም ከአርሲ ነገሌም ሳይመጡ በስልካቸው እንዲቆጥቡ ከተፈለገ አሮጌው ዳታቤዝ አይሆንም ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን ጠሩኝና “ስንት ቀን ይፈጃል?” አሉኝ። “ጥናት ያስፈልገዋል” አልሁ። በሙያችን ጥናት ማለት ሌላ ሰው እስኪረሳው መጠበቅ ነው። እሳቸው አልረሱም። አዲሱ 8.4 ወጥቶ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ ነገር ስለምፈራ፣ ስለ ብልሽቱም ብዙ የተጻፈለት ስለሆነ፣ ሊያረጅ የተቃረበውን 8.0ን መረጥሁ። ለሥራ አስኪያጁ “የበሰለው ይሻላል” አልኋቸው። ወደዱት።

በ2017 መስከረም፣ በመስቀልና በኢሬቻ መካከል ባለው ቅዳሜና እሁድ ሥራው ተሠራ። ከ5.5 ወደ 8.0 በአንድ ዝላይ አይኬድም፤ ወይ ደረጃ በደረጃ፣ ወይ መረጃውን በሙሉ በዳምፕ አውጥቶ አዲሱ ላይ መጫን ነው። በዳምፕ ሄድሁ። ሊነሱ የሚገባቸው ችግሮች በየተራ ተነሱ። የቡድን ብድር ሰንጠረዣችን ስሙ ‘ግሩፕስ’ ነው፤ አዲሱ ደግሞ ይህን ቃል ለራሱ ይዞታል፣ ሌላ ሰው እንዲሁ እንዲጠራበት አይፈቅድም። (ከያዛቸው ቃላት መካከል ‘ሲስተም’ም አለ። በአገራችን ይህ ቃል ‘የለም’ ከሚለው ተለይቶ የት እንደሚውል አላውቅም።) የይለፍ ቃል አያያዙ ተለውጦ ፕሮግራማችን የተጻፈበት አሮጌው ፒኤችፒ በሩ ላይ ቀረ። ሁሉም በጽሑፍ የተነገረለት፣ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እሁድ ማታ አለቀ። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። 8.0 ላይ የተጫነን መረጃ ወደ 5.5 ይቅርና ወደ ቅርቡ 5.7 እንኳ መልሶ የሚያወርድ መንገድ አምራቹ አልሠራም። ይህን አንቀጽ መመሪያው ላይ ካነበብሁበት ሌሊት ጀምሮ ነው እንቅልፌ የተበላሸው።

ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ዘገየ። ሰርቨሩ ሲነሳ ማህደረ ትውስታው ባዶ ስለሆነ የመጀመሪያው ጠዋት ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ደግሞም እኔ የአሮጌውን ቅንብር ሳላመጣ አዲሱን በፋብሪካው ልክ ትቼው ነበር፣ 128 ሜጋባይት ላይ፤ መረጃችን አምስት ጊጋባይት ይቀርባል። አንድ መስመር አስተካክዬ፣ ሪስታርት አድርጌ፣ ጉዳዩ ከረፋዱ በፊት ተፈታ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ፕሪንተሩ ይመለሳል።

እኔ ግራፍ መመልከት ጀመርሁ። ሲፒዩ፣ ራም፣ ዲስክ፣ የተገናኙ ሰዎች ብዛት፣ የዘገዩ ጥያቄዎች መዝገብ። ቀጭን አረንጓዴ መስመር ትንሽ ብቅ ስትል የእኔ ሆድ አብሮ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በቢሮው የተፈጠረውን ሁሉ በአፕግሬዱ አሳበብሁ። ፕሪንተሩ ደበዘዘ፤ አፕግሬዱ ይሆን? መብራት ጠፋ፤ ሰርቨሩ ብዙ ኃይል እየሳበ ይሆን? የአንዲት አባል ስም ሲፈለግ አልገኝ አለ፤ አንዱ ጸሐፊ በ‘ፀ’ መዝግቧት ሌላው በ‘ጸ’ ይፈልጋታል። ይህ ከማኅበሩ ጋር የተወለደ ችግር ነው፤ ግን ያን ዕለት እስከ ማታ የፊደል ቅንብር ሳነብ አመሸሁ። ሠራተኛውም ልማዴን ስለተረዳ ይጫወትብኝ ጀመር። ሻይዋ ቀዝቅዛ ስትመጣ “አይቲ፣ ይሄ ከአፕግሬዱ በኋላ ነው” ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ግን ግራፉን አያለሁ።

ባክአፑን ደግሞ በየማታው በፍላሽ ገልብጬ በሸሚዝ ኪሴ እንደ ክታብ ይዤው እሄዳለሁ። ባጃጅ ላይ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ቤት ስገባ ከኪሴ አውጥቼ ከስልኬ ጎን አኖረዋለሁ። አንድም ቀን ግን ከፍቼ፣ ሌላ ማሽን ላይ ጭኜ፣ በእርግጥ ይነሳ እንደሆነ አልሞከርሁም። የማይነሳ ቢሆንስ? ታዲያ እያወቅሁ እንዴት እተኛለሁ? አለማወቁ የተሻለ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ብቻዬን አለመሆኔን የነገረኝ የጊትላብ ታሪክ ነው። ጥር 2009፣ በፈረንጆቹ ጥር 31 ቀን 2017፣ የዚያ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ደክሞት በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የመደምሰሻ ትእዛዝ ሰጠ፤ ከ300 ጊጋባይት 4.5 ብቻ ሲቀር ነበር ያስቆመው። ባክአፕ ይምጣ ሲባል ዕለታዊው ባክአፕ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ወደ አዲስ ስሪት ሲያድግ ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ በአሮጌው ስሪት ቀርቶ፣ በየቀኑ ሳይሳካለት፣ ‘አልቻልሁም’ የሚል ኢሜይል ይልክ ነበር፤ ኢሜይሉም ተቀባይ ጋ አይደርስም። የዳኑት ባለሙያው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት እግረ መንገዱን በወሰደው ቅጂ ነው። ይህን አንብቤ ምን አደረግሁ? ቶሎ ብዬ ባክአፔን ፈተሽሁ ብል ደስ ባለኝ። ሁለተኛ ፍላሽ ገዛሁ።

ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓርብ ነበር። ቢሮ ሲከፈት የመጀመሪያው ቆጣቢ መስኮት ላይ ቆሟል፤ እትዬ፣ ከእኔ በፊት ከማኅበሩ ጋር የኖሩት ገንዘብ ተቀባይ፣ ብሩን ቆጥረው መረጃውን አስገቡና ‘አስቀምጥ’ን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደግመው ተጫኑ፤ ያው ነው። ሁለተኛው መስኮትም አልቀበልም አለ፣ ሦስተኛውም። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጣ፤ “ሲስተም የለም” የሚለው ቃል ከፊት ወደ ኋላ ተላለፈ።

እኔ ሮጬ ደረስሁ። መጀመሪያ የሮጥሁት ግን ወደ ቀዩ ጽሑፍ አልነበረም፤ ወደ ግራፌ ነው። ግራፉ ከአፕግሬዱ ወዲህ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ አንድም ግብይት ስለማይገባ ሲፒዩው አርፎ ተኝቷል። “ሰርቨሩ በጣም ጥሩ ነው” አልኋቸው። አንድ አዛውንት ከሰልፉ፣ “ልጄ፣ ብሩ ይኸው፣ ደብተሩ ይኸው፣ ሴትዮዋም ይኸው። የጠፋው ታዲያ ምኑ ነው?” አሉኝ። መልስ ስላልነበረኝ ሪስታርት አደረግሁት። ሲመለስም አልተቀበለም።

ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፉን ያነበብሁት። ‘2017-02-29’ የሚባል ቀን የለም ይላል። ልክ ነው። እኛ የምንጽፈው ጥቅምት 29 ነው፤ ሁለተኛው ወር፣ ሃያ ዘጠነኛው ቀን። ማሽኑ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ሁለተኛ ወር፣ ፌብሩዋሪን፣ በ28 የሚያልቀውን ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ የኢትዮጵያን ቀን ሳይለውጥ በፈረንጅ ቀን ሳጥን ውስጥ ከትቶት ሄዷል። የሌሎቹ ወሮች ሁሉ ቢያንስ 30 ቀን ስላላቸው የእኛን 30 ይችሉታል። የማይችለው ጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ጨርሶ አይገባውም።

እትዬ አጠገቤ መጥተው “ነግሬህ አልነበር?” አሉ። “በጥቅምት መጨረሻ ማሽኑ ቀን ይበላል ብዬህ።”

ነግረውኛል። ያውም በየዓመቱ። ‘ኔትወርክ ነው’ ብያቸዋለሁ፤ ከኔትወርክ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ እያወቅሁ፣ እሳቸው እንደማያውቁ ተማምኜ። አሮጌው ዳታቤዝ የማይገባው ቀን ሲመጣለት አይጮህም፤ ‘እሺ’ ይልና 0000-00-00 ብሎ ይመዘግባል። ዳምፑም ሲጫን የአዲሱን ጥብቅነት ለጊዜው የሚያነሳ ትእዛዝ በራስጌው ይዞ ስለሚመጣ እነዚያ ዜሮዎች ሁሉ መስከረም ላይ ያለ ጥያቄ አልፈው ገቡ። የእኔን ግራፎች አንዱንም አላንቀሳቀሱም። ለካ ያ ያመሰገንሁት ዝምታ ይህ ነበር። አዲሱ፣ እንቅልፍ ያሳጣኝ፣ የመጀመሪያ ስህተቱን ያየሁበት ቀን እውነት የተናገረበት ቀን ነው።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ኑዛዜ ከተባለ ይህ ነው። ሰልፉ ይጮሃል፣ ሥራ አስኪያጁ ከላይ በደረጃው ይወርዳሉ። ከቅንብሩ ውስጥ ጥብቅነት የምትለዋን ቃል አጠፋኋት። ዳታቤዙ እንደ ድሮው ‘እሺ’ አለ፤ ዜሮ በዜሮ እየመዘገበ ሰልፉን አስተናገደ። ሰው ሁሉ ተደሰተ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርገው “ጎበዝ! ባለሙያ የሚቀጠረው ለዚህ ነው” አሉ። በዚህ ቤት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በአደባባይ የተመሰገንሁበት ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ማሽኑን መልሼ ውሸት ያስተማርሁበት።

እትዬ አላጨበጨቡም። መሳቢያቸውን ከፍተው ጠርዙ የተበላ ባለ ካሬ ደብተር አወጡና የዕለቱን ገቢ በእስክሪብቶ መመዝገብ ጀመሩ። ደብተሩን ያን ጊዜ ነው በቅጡ ያየሁት። የየዓመቱ ጥቅምት 29 እና 30፣ የየዓመቱ ጳጉሜ፤ የአባል ቁጥር፣ መጠን፣ ፊርማ። ቀን የሌለው ገቢ ወለድ ሲሰላ ስለማይቆጠር በዓመቱ መጨረሻ በእጃቸው እያሰሉ ያስተካክሉት ነበር። እኔ በሌሊት ስነቃለት የኖርሁትን መረጃ የጠበቁት እሳቸው ናቸው፣ በቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ያለ አበል። በ2012 እና በ2016 ገጽ ላይ ደግሞ ‘ዘንድሮ 29ን አልበላም’ የሚል ማስታወሻ አለ። ምክንያቱን አያውቁም፤ ፌብሩዋሪ በእነዚያ ቁጥሮች 29 ቀን እንደሚኖረው ማንም አልነገራቸውም። አይተው ግን ጽፈዋል። እኔ ምክንያቱን የማወቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው፣ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች እሳቸው ከደብተሩ እያነበቡ እኔ እየጻፍሁ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀናቸው መለስናቸው። ሳጥኑን በፈረንጅ ቀን እንዲያስቀምጥ፣ ለሰው ሲያሳይ ግን በእኛ እንዲያሳይ አደረግሁት። ጥብቅነቱንም መለስሁት፤ በዚህ ጊዜ የመሰከረልኝ ሰው አልነበረም። ባክአፖቹንም እትዬ “እስቲ አሳየኝ” ስላሉኝ ብቻ በትርፍ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኋቸው። የመጀመሪያው ፍላሽ ተነሳ። ሁለተኛው፣ ያ ለጥንቃቄ የገዛሁት፣ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ተገኘበት። የእህቴ ልጅ መቼ እንደቀየረችብኝ አላውቅም፤ በባጃጅ ላይ የዳበስሁት ሲሳይ ስንት ክፍል እንደነበረ እሷ ታውቃለች።

ሥራ አስኪያጁ እስካሁን የጥቅምቱን ጀብዱ ለእንግዳ ያወራሉ። አላረምኋቸውም። በኋላ ደግሞ የመረጥሁት ‘የበሰለው’ 8.0 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በአፕሪል 2026፣ በእኛ ሚያዝያ 2018፣ ድጋፉ እንደሚያበቃ አነበብሁ። ለእሳቸው አልነገርኋቸውም። ለእትዬ ነገርኋቸው፤ ወዲያው ደብተራቸውን ገልጠው “ሚያዝያ ስንት ቀን?” አሉ። ቀኑን እንዳላየሁት ስነግራቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፦

“እሱንም በላው?”